መርከቧ ስትናወጥ ማን ይኮራል? የቢያር አስቂኝ ሥዕሎች እንዴት ይታያሉ

ሽክ ያለ የጭፈራ ግብዣ ነው። ቦታው ግን አዳራሽ አይደለም፤ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ ነው። ወይዛዝርቱ ምርጥ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ መኮንኖቹም በሙሉ የክብር ልብስ ተሽሞንሙነዋል። ከዚያ ባሕሩ ተነሳ። የቀረውን ለመናገር ትንሽ ያሳፍራል፣ ሠዓሊው ግን አላፈረም፤ ያጥወለወለው ሰው ሁሉ ከነጌጡ፣ ከነማዕረጉ ሸራው ላይ ቀርቷል።

ሥዕሉን በ1857 የሠራው ፍራንሷ-ኦጉስት ቢያር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዛሬ ሥዕሉ የዳላስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ንብረት ነው። ዳላስና አካባቢው ያላችሁ ሐበሾች ብዙ ስለሆናችሁ ጎራ ብላችሁ እዩት፤ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሙዚየሞች ያላቸውን ሁሉ ሁልጊዜ አያሳዩም።

አሁን ጥያቄው ይሄ ነው። በዘይት ቀለም ቀልድ መሥራት ምን ይባላል? ቀልድ እኮ በደቂቃ ተነግሮ በደቂቃ ያልቃል። የዘይት ቀለም ሥዕል ደግሞ ወራት ይፈጃል፣ ገንዘብ ይበላል፣ ከዚያም ትልቅ ሰው ቤት ተሰቅሎ መቶ ዓመት ይኖራል። ማን ነው አንድ ቀልድ መቶ ዓመት ግድግዳው ላይ እንዲደገምለት የሚፈልግ? መልሱ እንግዲህ ትንሽ ዞር ያለ ነው፤ ከሥዕል አካዳሚ ተነስቶ በፓርላማ ሕግ በኩል ያልፍና መርከብ ላይ ይደርሳል።

ከአካዳሚው እንጀምር። በፈረንሳይ ሥዕል እንደ ቤተ መንግሥት ሹመት ደረጃ ነበረው። በ1660ዎቹ መጨረሻ አንድሬ ፌሊቢያን የሚባል ሰው ለንጉሡ የሥዕል አካዳሚ ይሄንን ደረጃ በጽሑፍ አስቀመጠው። ከላይ የታሪክና የሃይማኖት ሥዕል፣ ከሥር የሰው መልክ፣ ከዚያ እንስሳና መልክዓ ምድር፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ፍራፍሬና ጠረጴዛ ላይ ያለ ዕቃ። ተራ ሰው ገበያ ሲወጣ፣ ሲጣላ፣ ሲበላ የሚያሳየው ሥዕል ከታሪክ ሥዕል በታች ሆኖ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል እንደ ታናሽ ወንድም ታየ። ደረጃው ደግሞ የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ትልቁ ትእዛዝ፣ ትልቁ ክፍያ፣ ትልቁ ግድግዳ የታሪክ ሠዓሊው ነበር። ስለዚህ አስቂኝ ሥዕል የሚሠራ ሠዓሊ ሁለት ጊዜ ዝቅ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ አንድም ተራ ሰው ስለሣለ፣ አንድም ስላሳቀ።

ቢሆንም ከቢያር በፊት መንገዱን የጠረጉ ነበሩ። ሉዊ-ሌኦፖልድ ቧዪ አንዱ ነው። ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ያለ፣ በ1805 ገደማ የተሠራ አንድ ሥዕሉ ዝናብ የጣለበትን የፓሪስ መንገድ ያሳያል። የጊዜው የፓሪስ መንገድ መሐሉ ላይ የውኃ ቦይ ነበረው፤ ዝናብ ሲጥል ቦዩ ይሞላና መንገዱ ወንዝ ይሆናል። ታዲያ ብልጥ አይጠፋምና አንዱ ሳንቃ ይዘረጋል፤ ጫማው እንዳይበላሽ የፈለገ ሳንቲም ከፍሎ ይሻገራል። ቧዪ የሣለው ደህና የለበሰ ቤተሰብ በዚያ ሳንቃ ላይ ሲሻገር ነው። ቀልዱ አይጮህም። ሀብታሙም በሳንቃ ላይ እየተጠነቀቀ ነው የሚያልፈው፣ ያውም ከፍሎ። በቃ።

ሁለተኛው ሰው ሁላችሁም ሳታውቁት ሥራውን አይታችሁ ይሆናል፤ ኦኖሬ ዶሚዬ። የካርቱን አባት ቢባል ብዙም አይበዛበትም። በ1831 ንጉሥ ሉዊ-ፊሊፕን ሕዝቡ በቅርጫት የሚያመጣለትን ግብር የሚውጥ ግዙፍ ሆዳም አድርጎ ሣለው። ንጉሡ አልሳቀም። ዶሚዬ ስድስት ወር ተፈረደበት፣ ታሰረም። ከዚያ በሐምሌ 1835 ንጉሡን ለመግደል ተሞከረ፤ በመስከረም ደግሞ የፕሬስ ሕግ ወጣና የፖለቲካ ካርቱን ያለ ቅድመ ፈቃድ እንዳይታተም ተከለከለ።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። መንግሥት ላይ መሳቅ ሲከለከል ሳቅ አይሞትም፣ አድራሻውን ይቀይራል። ዶሚዬና የሚሠራበት «ለ ሻሪቫሪ» ጋዜጣ ፊታቸውን ወደ ኅብረተሰቡ አዞሩ፤ ወደ ጠበቃው፣ ወደ አከራዩ፣ ወደ አጭበርባሪው ነጋዴ፣ ወደ ባልና ሚስቱ። ከ1835 በኋላ ባሉት ዓመታት ፓሪስ ራሷን እያየች ትስቅ ነበር። አስቂኝ የኑሮ ሥዕል ገበያ የደራው ያኔ ነው።

ቢያር በዚህ ገበያ መሐል ነው የተገኘው። በ1799 ሊዮን ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ቄስ እንዲሆንላቸው ይፈልጉ ነበር፤ እሱ ግን የግድግዳ ወረቀት ሥዕል ሠርቶ ጀመረና ሊዮን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ሲደርስ በባሕር ኃይል መርከብ ላይ የሥዕል መምህር ሆኖ ሜዲትራኒያንን ዞረ። የባሕር ኃይል የሥዕል መምህር ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ ካሜራ ያልነበረበት ጊዜ መሆኑን አስታውሱ። ወደብን፣ የባሕር ዳርቻን፣ ምሽግን ዐይቶ በትክክል መሣል ለመኮንን ሥራው ነበር።

ዝናን የሰጠው ግን የፓሪሱ «ሳሎን» ነው። ሳሎን ማለት መንግሥት ሉቭር ውስጥ የሚያዘጋጀው ትልቅ የሥዕል ኤግዚቢሽን ነበር፤ ከ1833 ጀምሮ በየዓመቱ። ዳኞች ይመርጣሉ፣ ከዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች ከወለል እስከ ጣሪያ ተደራርበው ይሰቀላሉ። መግቢያው በአብዛኛው ቀን ነፃ ስለነበር ሁሉም ይመጣል፤ መኳንንቱም፣ ባለሱቁም፣ ሠራተኛውም ከነልጆቹ። አሁን ራሳችሁን በሠዓሊው ቦታ አድርጉ። ሥዕላችሁ ከሌላ ሥዕል በላይ፣ ከሌላ ሥዕል በታች፣ በግራም በቀኝም ታፍኖ ተሰቅሏል። ሕዝቡን ምን ያቆመዋል? አንድም ግዙፍ ጦርነት፣ አንድም ሳቅ። አንዱ ሥዕል ፊት ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ የታየ እንደሆነ ሌላውም ምንድን ነው ብሎ ይመጣል። ቢያር ይሄን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ማወቁንም በሥዕል ነግሮናል። በ1847 የሠራው አንድ ሥዕል ራሱን ሳሎኑን ያሳያል፤ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር፣ ማለትም መዝጊያ ሰዓት። ጠባቂዎቹ አፋቸውን ከፍተው «ይዘጋል! ይዘጋል!» ይላሉ። ሕዝቡ ግን ወይ ፍንክች። አንዱ አንገቱን አንጋጦ ያያል፣ ሌላው ወሬውን አልጨረሰም፣ ከበስተኋላ ግድግዳው እስከ ላይ በሥዕል ተሞልቷል። ሥዕሉ ራሱ ትልቅ አይደለም፣ ሰባ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዛሬ ያለው እዚያው ሉቭር ውስጥ ነው። ባንክ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ሊዘጋ ሲል ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ የጠባቂውን ፊት ማንም ሳያብራራላችሁ ትረዱታላችሁ።

ቢያር ቀልዱን እንዴት ነው የሚሠራው? ሥዕሎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዋና ሰው የለም። የታሪክ ሥዕል ሲሆን ዐይናችሁ በቀጥታ ወደ ጀግናው ይሄዳል፤ ብርሃኑም፣ የሰዎቹም እጅ፣ ፈረሱም ሁሉም ወደ እሱ ይጠቁማል። ቢያር ይሄን ያፈርሰዋል። ሸራውን በብዙ ትንንሽ ሰዎች ይሞላውና እያንዳንዱ የራሱ ጉዳይ አለው። ስለዚህ በአንድ እይታ አያልቅም። መጀመሪያ ግርግሩን ታያላችሁ፣ ከዚያ አንድ ፊት፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ጥግ ላይ የተደበቀ ሌላ ጉድ። ቀልዱ መቶ ዓመት ግድግዳ ላይ ሊቆይ የቻለው በዚህ ነው፤ በተመለሳችሁ ቁጥር ያላያችሁት ይቀራል። ደግሞም አንድም ሰው እየቀለድኩ ነው አይልም። ሁሉም የምሩን ነው። ሠዓሊው ልብሱን፣ ቁልፉን፣ ጫማውን ሁሉ በታሪክ ሠዓሊ ጥንቃቄ ነው የሚሥለው፤ ዕቃው ሁሉ ትክክል ስለሆነ ሁኔታው የባሰ ያስቃል።

መርከብ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተፈጠረ ቦታ ነው። መሬት ላይ ሀብታምና ድሃ ካልፈለጉ ላይተያዩ ይችላሉ። መርከብ ላይ መውጫ የለም። አዛዡ፣ መርከበኛው፣ ነጋዴው፣ እመቤቷ ጥቂት ሜትር ወለል ይጋራሉ። በቢያር ዘመን ደግሞ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች እየበዙ ስለነበር ባሕር የመርከበኛ ብቻ መሆኑ እየቀረ ነበር። ከካሌ እስከ ዶቨር ያለው የባሕር ወሽመጥ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ግን የብዙ ጨዋ ሰው ክብር እዚያች አጭር መንገድ ላይ ሰምጧል።

ለመሆኑ ባሕር ለምን ያስመልሳል? ከጆሯችን ውስጠኛ ክፍል የሰውነትን ሚዛንና እንቅስቃሴ የሚለካ አካል አለ። መርከብ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ጠረጴዛውን ስታዩ ዐይን «ምንም የተንቀሳቀሰ ነገር የለም» ይላል። ጆሮ ደግሞ «ኧረ እየተገላበጥን ነው» ይላል። አንጎል በሁለቱ መሐል ግራ ይጋባል፤ ውጤቱ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ በመጨረሻም ማስመለስ ነው። ለዚህ ነው መርከብ ላይ ሩቁን የአድማስ መስመር እዩ የሚባለው፤ ዐይንና ጆሮ ይስማማሉ። መድኃኒቱን ማዕረግ አያመጣውም። የእንግሊዙ ዝነኛ አድሚራል ኔልሰን ዕድሜውን ባሕር ላይ ጨርሶ እንኳ የሚያጥወለውለው ሰው ነበር። ቻርልስ ዳርዊንም ዓለምን በዞረባት መርከብ ላይ ክፉኛ ተሠቃይቷል። ቢያር የጭፈራ ግብዣን መምረጡ እንግዲህ ከዚህ ነው። ጭፈራ ማለት ሰው ሰውነቱን እንደሚያዝ የሚያሳይበት ቦታ ነው፤ አንገት ቀጥ፣ እጅ ለስለስ፣ እርምጃ በልክ። ባሕሩ ያንን ሁሉ በአንድ ማዕበል ይነጥቃል። እግረ መንገዱንም ፈረንሳዊው በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ላይ ሳቀ፤ ባሕሩን የሚገዙት እነሱ መሆናቸውን ለዘመናት ሲነግሩት ለኖረ ፈረንሳዊ ይሄ ሳይጣፍጠው አይቀርም።

እስካሁን ጨዋታ ነበር። አሁን ግን ያው ሰው፣ በዚያው እጅ የሠራውን ሌላ ሥዕል እንይ። በ1833 የተሠራ ነው፤ ስለ ባሪያ ንግድ።

ቦታው የምዕራብ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ ነው። መሐል ላይ አንድ አፍሪካዊ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ገዢዎቹ እንደ ከብት ይመረምሩታል። አጠገቡ አንዱ የሂሳብ መዝገቡን ይዞ ዘና ብሏል። በሌላ በኩል አንዲት ሴት በጋለ ብረት ምልክት ይደረግባታል። ወዲያ ማዶ ጀልባዎች ሰው ይጭናሉ። የሚሸጠውም አፍሪካዊ ደላላ እዚያው ተቀምጦ ዋጋ ይነጋገራል። አሠራሩን ልብ በሉ። አሁንም ዋና ሰው የለም። አሁንም ሸራው በትንንሽ ጉዳዮች ተሞልቷል፣ ዐይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ በሄደ ቁጥርም አዲስ ነገር ያገኛል። ያው ሰው በሳሎኑ ግርግርና በመርከቡ ጭፈራ ያሳቀበት ዘዴ ነው። እዚህ ግን ባገኛችሁ ቁጥር ሆድ ይረበሻል። በጣም የሚከፋው ደግሞ ጅራፉ አይደለም፣ የነጋዴዎቹ መሰላቸት ነው። ለእነሱ ተራ የሥራ ቀን ነው። የዕለት ኑሮ ሠዓሊ ባይሆን ኖሮ ቢያር ይሄን የሚያየው አይመስለኝም፤ የታሪክ ሠዓሊ ቢሆን አንድ ጭራቅና አንድ ሰማዕት ሥሎ ይጨርስ ነበር።

ሥዕሉ በ1835 ፓሪስ ታየ፤ በ1840 ደግሞ ለንደን በሮያል አካዳሚ። በዚያው ዓመት በዚያው ኤግዚቢሽን ላይ ተርነር የሚባለው ታላቅ የእንግሊዝ ሠዓሊ በሕይወት ያሉ ባሮች ወደ ባሕር ሲጣሉ የሚያሳየውን ሥዕሉን አቅርቦ ነበር። ተርነር ባሕሩንና ሰማዩን በእሳት ቀለም አቃጠለው፤ ሰዎቹ በማዕበሉ ውስጥ እጅና እግር ብቻ ሆነው ይታያሉ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የተርነርን ነው። ያኔ ግን ብዙ ሰው ተርነርን አልገባኝም አለ፤ ደራሲው ሳከሬይ በተርነር ሲቀልድ የቢያርን ሥዕል አድንቆ ነበር። እኔም ተርነር ይበልጣል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ነገር ግን ባርነት ምን እንደሚመስል ለልጅ ማሳየት ካለብኝ የቢያርን ነው የማሳየው። ሥዕሉ በኋላ ባርነትን በመቃወም ለሚታወቀው የፓርላማ አባል ለቶማስ ፎዌል ባክስተን ተበረከተ። ዛሬ ሃል በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ፣ በዊልበርፎርስ ቤት ሙዚየም ይገኛል።

በ1839 ደግሞ ሰውየው ወደ በረዶ ሄደ። የፈረንሳይ መንግሥት «ላ ሬሼርሽ» የምትባል መርከብ በፖል ጌማር በሚመራ የጥናት ጉዞ ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ይልክ ነበር። በዚያ ዘመን ፈረንሳይ እንዲህ ዓይነት የጥናት ቡድን ስትልክ ሠዓሊ አብሮ ይሄዳል፤ ከ1839 እስከ 1843 በእኛም አገር ቴዎፊል ለፌቭር የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን በመራው የጥናት ቡድን ውስጥ ሐኪም፣ የተፈጥሮ አጥኚና ሠዓሊ ነበሩ። ቢያር ግን ብቻውን አልሄደም። ጌማር «ሠዓሊውን አሳምኚልኝ» ሲላት «እኔም ከሄድኩ» ብላ ሙጭጭ ያለች ወጣት ነበረች፤ ሌኦኒ ዶኔ። ዕድሜዋ 19፣ የእሱ 40። ያኔ ገና አልተጋቡም። በሆላንድ፣ በዴንማርክ፣ በስዊድንና በኖርዌይ አድርገው ሐመርፌስት በምትባል የኖርዌይ ወደብ መርከቧን ተሳፈሩና ስፒትስበርገን የምትባለው የሰሜን ዋልታ አካባቢ ደሴት ደረሱ። እስከዚያ ድረስ ወደዚያ በረዶ የሄደች ፈረንሳዊት አልነበረችም። በ1854 ጉዞዋን በመጽሐፍ አሳተመችው፤ የእሱን ሥዕልና የእሷን ጽሑፍ ለሚያነጻጽር ሰው የእሷ ይበልጥ ሕያው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ከዚያ ጉዞ የተወለደው የታወቀ ሥዕል በ1841 የቀረበው የማግዳሌና ወሽመጥ ነው፤ እሱም ሉቭር ውስጥ ነው። በረዶ የተጋገረበት የባሕር ወሽመጥ፣ ከፊት በብርድ ያለቁ መርከበኞች፣ ሰማዩ ላይ የሰሜን ብርሃን። ያምራል፣ ያስፈራል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ እነሱ እዚያ የነበሩት በበጋ ነው። በዚያ ቦታ ደግሞ በበጋ ፀሐይ አትጠልቅም፣ ሌሊትም ቀን ነው። ፀሐይ ባለችበት የሰሜን ብርሃን አይታይም። ስለዚህ ሠዓሊው ሰማዩን ከሌላ ቦታና ከሌላ ወቅት አምጥቶ ነው የገጠመው፤ የሞቱት መርከበኞችም የእሱ ጉዞ ባልደረቦች አይደሉም። ዋሸ ልንለው እንችላለን። ሳሎን ውስጥ ግን «ሌሊትም ፀሐይ ነበር» የሚል ሥዕል ፊት ማን ይቆማል?

በ1840 ተጋቡ። በሐምሌ 1845 ደግሞ ጉዱ ፈላ። ቢያር በሚስቱ ላይ ፖሊስ አስከትሎ መጣና ከቪክቶር ሁጎ ጋር አስያዛት። አዎ፣ በአማርኛ «ምንዱባን» ተብሎ የተተረጎመው መጽሐፍ ደራሲ፣ እሱው። ሁጎ ከጥቂት ወራት በፊት የላይኛው ምክር ቤት አባል ተደርጎ ስለነበር ያለመከሰስ መብቱን ጠቅሶ ወደ ቤቱ ሄደ። እሷ ሳን-ላዛር ወኅኒ ገባች። የአንድ ወንጀል ሁለት ተጠርጣሪ፣ አንዱ ወደ ቤት አንዷ ወደ እስር ቤት፤ ሕጉ እንዲህ ነበር። ፓሪስም ያልሳቀባቸው አልነበሩም። የባልና ሚስትን ኑሮ እየሣለ ሲያስቅ የኖረ ሰው በተራው የከተማው መሳቂያ ሆነ። ሁለቱም ተለያዩ።

ቢያር ግን ሥራውን አላቆመም። በሚያዝያ 1848 አዲሱ ሪፐብሊክ በቅኝ ግዛቶቹ ባርነትን ሲሽር ወደ 250,000 ሰው ነፃ ወጣ፤ ቢያር በሚቀጥለው ዓመት አዋጁን የሚያሳይ ግዙፍ ሥዕል ሠራ። ወርዱ አራት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ቬርሳይ ነው ያለው። ጥቁር ወንድ የተሰበረ ሰንሰለቱን ወደ ሰማይ አንሥቷል፣ ጥቁሮች ይተቃቀፋሉ፣ ባለሥልጣኑ ከባንዲራው ጋር ቆሟል፣ አንዳንዶቹ ነፃ የወጡት ተንበርክከው ያመሰግናሉ። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ላይ ደጋግመው የሚያወጡት ይሄ ሥዕል ነው። እኔ ግን የ1833ቱ ይሻለኛል። በ1833ቱ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል። በ1849ኙ ነፃነት ከላይ የተሰጠ ስጦታ ሆኖ ቀርቧል፤ ለነፃነታቸው ሲያምፁ፣ ሲሸሹ፣ ሲሞቱ የኖሩት ባሮች ሥዕሉ ውስጥ ሥራቸው ማመስገን ብቻ ነው። ደግሞ ይሄኛው ዋና ሰው አለው። ቢያር ወደ ታሪክ ሥዕል ደረጃ ሲወጣ ዐይኑን እታች ጥሎት የወጣ ይመስላል።

በ1858፣ ስድሳ ሊሞላው ሲል፣ እንደገና መርከብ ተሳፍሮ ብራዚል ሄደ። የንጉሠ ነገሥት ፔድሮ ሁለተኛን ቤተሰብ ሣለ፤ ከዚያ ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወደ ጫካው ገባ፣ እስከ አማዞን ወንዝ ድረስ ዘለቀ። በ1862 ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ፤ 180 ሥዕል አለው፤ የእሱን ንድፍ ይዞ የሣለው ኤድዋር ሪዩ ሲሆን፣ በኋላ የዡል ቬርንን የጉዞ ልብ ወለዶች በሥዕል ያስጌጠው ያው ሪዩ ነው። ቢያር እዚያ መጽሐፍ ውስጥ በራሱ ላይ ይቀልዳል፤ በሙቀቱ፣ በነፍሳቱ፣ በሻንጣው ብዛት። ግን በአገሬው ሕዝብ ላይም ይቀልዳል፣ ያም ብዙ ጊዜ ያማል። እዚህ ላይ የአስቂኝ ሥዕል ወሰን ይታያል። የእንግሊዝ መኮንን ሲያስመልስ ብንስቅ፣ ነገ መሬት ወርዶ ማዕረጉን ይለብሳል፤ ሳቁ ከእሱ የሚወስድበት ነገር የለም። ወንዝ ዳር የሚኖረው ሰው ግን ፓሪስ ሄዶ «እኔ እንደዚህ አይደለሁም» የሚልበት ቦታ የለውም። ፓሪስ የሚያውቀው ሥዕሉን ብቻ ነው።

ቢያር በ1882 ሞተ። ከዚያ በፊት ግን ፋሽኑ ጥሎት ሄዷል። በ1874፣ ኋላ ላይ ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት ሠዓሊዎች የራሳቸውን ኤግዚቢሽን ከፈቱ፤ ሥዕል ወሬ መናገር የለበትም፣ ብርሃንና ቀለም ይበቃዋል የሚል ስሜት አየለ። ቀልዱን ጋዜጣው ወሰደው፣ ሩቅ አገር ማሳየቱን ፎቶግራፍ ወሰደው። ታሪክ የሚተርክ ሥዕል የተራ ሰው ጣዕም ተብሎ ተናቀ፣ ቢያርም አብሮ ወደ መጋዘን ወረደ። ዶሚዬ ያልወረደው መስመሩ ራሱ ዘመናዊ ስለነበረ ነው፤ ቢያር ግን እያንዳንዷን ቁልፍ በጥንቃቄ የሚሥል ያረጀ እጅ ነበረው።

ከመጋዘን ያወጣው ማን መሰላችሁ? በ2020 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ስለ ቢያር አንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ፤ ኮቪድ ሙዚየሞችን ሲዘጋ የእሱም መከራውን አየ። ቦታው ፕላስ ዴ ቮዥ ላይ ያለው የቪክቶር ሁጎ ቤት ነበር፤ ሁጎ ከ1832 እስከ 1848 የኖረበት፣ በዚያች በሐምሌ 1845 ያለመከሰስ መብቱን ጠቅሶ የተመለሰበት ቤት።